የመጋቢት ጥንስስ

መጋቢት ጠንስሶ፣ በሰኔ ሞተና፣
በመስከረም ጠራን፣ ቢራው ደረሰና።

ኦትማርን ነው የምላችሁ፣ የላይ ሰፈሩን ጠማቂ፣
ባመት ሃያ በርሜል ብቻ፤ ትንሽ ሠሪ፣ ብዙ ሳቂ።
እኔ የታች ሰፈሩ ነኝ፣ ገብሃርት፣ ዓሣ አርቢ፤
ሦስት ኩሬ ካባቴ የደረሰኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ቤት ቀላቢ።
አንድ ምንጭ ነው የምንጠጣው፣ ከጥድ ጫካው የሚወርድ፣
እሱ ደጅ ላይ ትንሽ አርፎ፣ ኋላ ወደኔ የሚሄድ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው።
ዝናብ የጠፋበት በጋ ነበር። መስኖውን ዘጋው።
ለቢራው ሲል። ሦስት ቀን።
በሦስተኛው ማለዳ ጀርባቸው ጭቃ ለበሰ፤
ዘጠና ዓሣ ቆጠርኩ፣ እጄ ባልዲ ውስጥ እያፈሰ።
«ላረፋ ብለህ!» አልኩት በሩ ላይ። እሱም የሆነ ነገር አለ።
ያለውን ረስቼዋለሁ። ቂሙ ግን ቤቴ ገባ፣ ከብርድ ተጠለለ።

ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ወገቤን አመመኝ ብዬ፣
ደወሉ ሲደወል መረብ ስሰፋ ዋልኩ፣
ያልተቀደደ መረብ፣ ለብቻዬ።
ዛሬ ግን መጣሁ። ጥሙ ነው ልበል?
ወይስ ዜፕ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣
«በሞተ ሰው ማኩረፍ፣ ኧረ ደግ አይደል!»
ብሎኝ ይሆን?

ዋሻው ውስጥ ገባን፤ በጋውን ሙሉ ቅዝቃዜ የተኛበት፣
አለቱ የሚያልበው፣ ወሬኛ እንኳ ድምፁን የሚቀንስበት።
ኩኒጉንዴ፣ ልጁ፣ ያባቷን ሽርጥ ታጥቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣
ቧንቧውን በመዶሻ መታች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ሦስተኛው ላይ ገባ።
አረፋው መጣ መጀመሪያ፣ ችኩል፣ ጎረምሳ፤
ቀጥሎ ራሱ ቢራው፣ መዳብ መሳይ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ የሚነሣ።

ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሳሁ። ጉድለት ፍለጋ።
«ደፍርሷል» ልል ነበር። አልደፈረሰም።
«ቀጥኗል» ልል። አልቀጠነም።
አሸተትኩት፦ የዳቦ ቅርፊት፣ ገና ከምድጃ የወጣ።
ጎነጨሁ፦
ምላሴ ጫፍ ላይ የብቅል ጣዕም፤ ማር ያልሆነ፣ ማርን ግን የሰማ፤
መሀሉ ሙሉ፣ ክብ፣ የማይጫን፣ ቢፈልጉትም የማይታማ፤
ከዚያ የሆፑ ምሬት፣ ዘግይቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ እንደሚገባ እንግዳ፣
ገብቶም የማይቆይ፤ አፌን አጽድቶ የወጣ፣ ሳይተው ዕዳ።

ብቅልም በቀልም አንድ ነው ሥራቸው፣
ጨለማና እርጥበት ነው የሚያበቅላቸው።
ልዩነቱ እሳት ነው፦ የሱን በጊዜ ቆላው፤
የኔን ማንም አልነካው፣ ሥር ሰዶ ሆዴን ሞላው።

ከሥር ግን፣ ከሁሉም ሥር፣ አንድ የማውቀው ነገር መጣ፦
ብረት ብረት የሚል፣ የጥድ ሥር የታከከ፤
ልጅ ሆኜ በመዳፌ የጠጣሁት፣ ያው ውሃ፣ ከብርጭቆው ወጣ።
የጠፋ ሰው «የውሃ ሽታ ሆነ» ይባላል፤
የኦትማር ሽታ ግን ይኸው ብርጭቆ ይሞላል።

ያኔ ነው ያየሁት። በርሜሉ ሆድ ላይ፣ በጠመኔ፣
በዚያ ጠማማ ጽሕፈቱ፦ ዘጠና።
«ሊትሩ ነው?» አለ ዜፕ።
«አይ፣ ሃምሳ ነው የሚይዘው» አለች ኩኒጉንዴ፣
«ባመት ባመቱ ከመጋቢቱ አንዱ በርሜል ላይ ይጽፋታል።
ያንን አይሸጥም። ለምን እንደሆነ አልነገረንም፣ አንዴ።»

ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ዐሥራ አንድ በርሜል።
ቆጠርኩ። መቁጠር ለምጃለሁ።
እነሱ አያውቁም። እኔም ዝም አልኩ።
ሁለተኛ ጠየቅሁ። ቀዳችልኝ፤ የብርጭቆ ማስቀመጫዋ ካርቶን ላይ
በእርሳስ ሁለተኛ ጭረት ሠራች፤
«እንዴት አገኘኸው?» ብላ፣ እንዳባቷ አንገቷን ዘመም አድርጋ ቆየች።

ቃሉ ከጉሮሮዬ እስኪወጣ አረፋው ግማሹ ወረደ።
«ውሃው» አልኳት።
«ውሃው ጥሩ ነው።»