ሁለት ማኒኮቶ

ናሪን ላይ ጥር ሲገባ የወንዙ ድምፅ ይጠፋል፤
የድንጋይ ከሰል ጭሱ ጣራ ላይ ያንቀላፋል።
በሩን በክርኑ ገፍቶ አሳናኩን ገባ፣
የቅንድቡ በረዶ ቀልጦ ሰውየው ያለቀሰ እስኪመስል ሲያነባ።

«አይቺሬክ፣ መኪናዬ ጠላቴ ሆነችብኝ፤
ሙቀት ብዬ ስከፍት ውርጭ ተፋችብኝ።
ትናንት ዶሎንን ሳልፍ አሥራ አራት ሰው ጭኜ
ግማሽ ሹፌር፣ ግማሽ የመስታወት ፋቂ ሆኜ።
አንዱ ራዲያተር ቀይር አለኝ፣ አንዱ ሞተር፤
የሚስቴ ወንድም ደግሞ ‘ሽጣት’ ብሎኝ ነበር።»

«ቆይ» አልኩት፣ «ሳይጠየቅ ማን ይፈርዳል በታማሚ?
መኪና ዋሽታ አታውቅም፤ የሚዋሸው ነው ሰሚ።»

አስነሳ። ጠበቅን። የቀዳሁት ሻይ ቀዘቀዘ፤
መርፌው ቀስ ብሎ ወጥቶ መሀል ላይ ተያዘ።
ሞተሩማ ይሞቃል። ቴርሞስታቱም ጤና ነው፤
ተከፍቶ ቀርቶ ቢሆን መርፌውን ታች ነበር የምናየው።
ቬንትሌተሩም ይነፍሳል፣ ሻርፔን ያርገበግባል፤
ደብዳቤ እንደሌለው ፖስተኛ ቤት ለቤት ያንኳኳል።

ኮፈኑን ከፈትኩና አሳየሁት ሁለቱን፣
ግድግዳውን በስተው የሚያልፉ ጥቋቁር ማኒኮቶዎችን።
«በአንዱ ሙቅ ውሃ ይገባል፣ በሌላው ይመለሳል።
ሁለቱም ከሞቁ ችግሩ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከአየር በሩ ይደርሳል።
ሁለቱም ከበረዱ ወይ ውሃው ጎድሏል፣ ወይ አልተነሣም፤
አንዱ ሞቆ አንዱ ከበረደ መሀል ላይ የቆመ አለ፣ አያሳልፍም።
እንግዲህ እጅህን አምጣ።»

ያዛቸው። አሰበ።
«ሁለቱም እኩል ናቸው» አለ። «ቀዝቃዛ።»

ዝም አልኩ። ጣቱን አየሁ።
አምና ዶሎን ላይ ጎማ ሲቀይር ያደረ ነው፤
ሁለት ጣቱ ጫፉ ነጭ፣ ሰም የተነከረ ነው።
በባዶ እጁ ብሎን ሲፈታ፣ ሲታገል በዚያች ማታ
ስሜቱ እዚያው ቀርቷል፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከበረዶው ቦታ።
ለማንም አልነገረም። መሪ ይይዛል፣ መልስ ይሰጣል፤
የሚፋጅ ብርጭቆ ይዞ «ይሄ ሻይ በርዷል» ይላል።

ልጁ ጂቤክ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ፣
በሩ ላይ ቆማ ሱፍ ስትፈለፍል ነበር።
ጓንቷን አወለቀች።
«ይሄ ይፋጃል፣ አታ። ይሄኛው ሬሳ ነው።»
አባቷ እጁን ኪሱ ከተተ።

እንግዲያው መሀል ላይ ነው። ጆሮዬን ዳሽቦርዱ ላይ ጣልኩ፤
ጉልክ... ጉልክ... ምስጢር የሚውጥ ሰው ጉሮሮ ሰማሁ።
ዝገት እንዲህ አያወራም፤ ዝምታ ነው የደለል ልማዱ።
አየር ነው። ምንም ነገር ነው ቁጭ ያለው በመንገዱ።
«ውሃ ማን ሞላልህ?»
«የሚስቴ ወንድም።»
ሞላና ከደነው፤ ትንፋሹን አላስወጣለትም።

ዳገቱ ላይ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቆምናት፣
የውሃ ክዳኑን ፈታን፣ ማሞቂያውን እስከ ጫፍ ከፈትንላት።
አሳናኩን ከጎማው ሥር ድንጋይ ሲያስቀምጥ፣
እኔ ማኒኮቶ ስጨምቅ፣ ጂቤክ ነዳጅ ስትረግጥ፣
ወጣ። ብልቅ። ሌላ። አረንጓዴው ውሃ ሰመጠ፤
ሊትር ተኩል ጨመርንበት፣ እንደ ጥጃ መጠጠ።

መስታወቱ ከታች በኩል የሳንቲም ያህል ጠራ፤
ከዚያ እንደ መዳፍ፤ ከዚያ ወንዙ፣ ከዚያ ማዶ ተራራ።
ጂቤክ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ለነፋሱ ሰጠች።

ለአሳናኩን ሁለት ነገር ነገርኩት። አንዱን ጮክ ብዬ፦
«ነገም አረፋ ካየህ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፤
ዶሎንን አትውጣ፣ ተመለስ።»
ሁለተኛውን ልጅቷ መስኮቱን እስክትዘጋ ጠብቄ፦
«ጣትህን ሐኪም ይየው።»

«ሒሳቤ ስንት ነው?» አለ፣ እንዳልሰማ።
አምስት መቶ ሶም።
ብሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረልኝ፣
በደህናዎቹ ጣቶች።