ከዶፉ ማግስት፣ ጉዶ በረት

ግንቦት እንደ ደረቀ ሄደ፤ ሰኔም ደመና አሳይቶ አለፈ፣
ሐምሌ በባተ በሦስተኛው፣ ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ አራገፈ።
ጠዋት ጉሙ ካቡን ሳይለቅ ወጣሁ ወደ ጓሮዬ፣
ምነው በቀረብኝ መውጣት፤ ተተርትሮ ጠበቀኝ ፍሬዬ።
ፖሙ ሁሉ፣ ከእንጨቱ ሥር እስከ እንብርት፣
ብርድ እንደ በላው ተረከዝ ንቃቃት።

ጎረቤቴ ሸዋቀና «ተባይ ነው» አለ።
ሚስቱ «ዓይን ነው» አለች፤ የማን እንደሆነ ግን አልተናገረችም።
እኔ አንድ የዳነ፣ አንድ የተሰነጠቀ፣ በጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ፣
ደብረ ብርሃን ወረድኩ፣ የእኅቴን ልጅ ፍለጋ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ።

ሐረገወይን ቤተ ሙከራ ነው የምትውለው፣ ነጭ ካፖርት ለብሳ፤
በምላጭ ከልጣጩ አነሳች፣ ከሽንኩርት ገለፈት የሳሳ፣
መስታወት ላይ አንጥፋ፣ «አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ጨፈንኩ።
ካብ አየሁ።

ጭቃ ያልነካው፣ ድንጋይ በድንጋይ የተያያዘ፣ የእኛው አገር ካብ።
«እያንዳንዱ ድንጋይ ሕዋስ ነው» አለች።
የዳነው ፖም ድንጋዩ ደቃቅ፣ ወርዱ እኩል፣ ግጥሙ ጥብቅ፤
የተሰነጠቀው ሰፋፊ፣ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ካንዱ የሚራራቅ፣
በላዩ የተቀባው ሰም እንደ ጥር ዋልካ የተሰነጣጠቀ።

«ሰሙስ ተከፈተ በይኛ፤ ወርቁስ?» ብላት፣
«ቅኔ አይደለም ጋሼ፣ ውሃ ነው» አለች፣ ሳቅ እያመለጣት።

ልጣጭ በጨቅላነቱ ነው አሉ፣ አብዝቶ የሚባዛ፤
ኋላ ያለችውን መለጠጥ ነው፤ አዲስ ከየት ይግዛ?
ድርቁ ያከረረው ቆዳ፣ ገና ሳይለሰልስ፣
ሥጋው ባንድ ሌሊት ጠጥቶ ሲያብጥ፣ አልቻለም ሊደርስ።

የበኩር ልጄ ኮት ትዝ አለኝ፤
ክረምቱን ሳጥን ውስጥ ከርሞ፣
መስከረም ላይ ሲለብሰው ከጀርባው የተተረተረው።
ልጁ አላጠፋ። ኮቱም አላጠፋ።

የደብረ ሲናው ነጋዴ የዳነውን ለቅሞ ወሰደ።
የተረፈውን በጩቤ እየቆረጥኩ በላሁ፤ ተርቦች ቀድመውኛል፤
ከተሸጠው ይልቅ ይጣፍጥ ነበር።
ይህን ለነጋዴው አልነገርኩትም።

ዘንድሮም ግንቦት ደረቀ።
ከምንጩ በጀሪካን እየቀዳሁ፣ በየዛፉ ሥር አንዳንድ ጣሳ፣
ማታ ማታ፣ ቆዳው መለጠጥን እንዳይረሳ።
ሸዋቀና ካቡን ተደግፎ ያየኛል፤
«ምን ያለፋሃል፣ ሐምሌ ይመጣ የለ?»
«ለሱ ነዋ» እለዋለሁ፣
ጣሳዬን እየሞላሁ።