ግጣም

ሙስ ጆ፣ በጥር ወር፣ ለአርባ ሁለት የቀረው ከዜሮ በታች ብርድ፣
ሃያ ሁለት ክፍል፣ ሃያ ሁለት አልጋ፣ የማነጥፈው አንሶላ እንደ ደጁ በረድ።
ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣
የጃሹቤን ማዕድ፤ የአራት ሰው ጠረጴዛ፣ የአንድ ሰው መብያ።
በመሃሉ ጆጉ፤
ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ቀጭን፣ አፉ የወፍ መንቁር፣
ግጣሙ ላይ ሽምብራ የምታህል ጉብታ፣ ለሁለት ጣት ቁንጥር።
ብረቱ አይዝግም፤ ፊቴን እንደ ቂጣ ለጥጦ አሰፋው፣
ስስቅበት ሳቀ፣ ጎኑ ያለች ስርጉድ ሳቄን እስክታጠፋው።

የመጀመሪያ ቀን ብርጭቆ ስፈልግ ሳቀችብኝ በጣም፦
«ከፍ አድርገሽ ያዢው፣ ከላይ ይውረድ እንጂ ጆግ በአፍ አይሳም።»
አነሳሁት። ውሃው
አንገቴን ጠየቀ፣ ደረቴን ጎበኘ፣ እስከ ካልሲዬ ዘለቀ፤
አፌ ግን ደረቀ።
እሷ ስትጠጣ ቀጭን የብር ክር ነው ከላይ የሚወርደው፣
ጉሮሮዋ ብቻ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ የሚያስተናግደው።

አንድ ቀን ሳጥበው ከሥሩ ላይ ጣቴ ጭረት አገኘ፤
የድመት ጥፍር መስሎኝ፣ ነጥብ በነጥብ የተወጋ ፊደል ሆኖ ተገኘ።
«ስምሽ ነው?» አልኳት።
«የማንጁላ ነው» አለች። ፎጣ ማጠፏን አላቆመችም።

ሁለት ወንድማማች፣ ከነሚስቶቻቸው፣ ባንክ አበድሯቸው ሞቴሉን ወረሱ፣
በዐሥረኛው ክረምት በጣራ ጥገና ሒሳብ ተናከሱ።
ዕቃ ሲካፈሉ ዳኛው የዕቃው ሥር ነው፤
ሳህኑን፣ ጭልፋውን፣ እየገለበጡ፣ የማን ስም እንዳለው።
አንድ ጆግ ጎደለ።
«ማድረቂያ ማሽኑ ውስጥ፣ በፎጣ ጠቅልዬ» አለች ጃሹቤን፤
«ማንጁላ ቆጠረች። ዐወቀች። ዐይን ዐይኔን ዐይታ የመኪናውን በር ዘጋች።»
ሬጂና ሰባ ኪሎ ሜትር ነው።
ሃያ ሦስት ዓመት ነው።

«ለምን ሰረቅሽ?» አልኩ፣ አፌን ሳልገታው።
«በመጀመሪያው ክረምት፣ ቧንቧው ሲፈነዳ፣ እኔን ሲያስወርደኝ፣
ከደጅ በረዶ ዝቃ፣ በዚህ አቅልጣ ነው ጠብታ በጠብታ ያጠጣችኝ።
ያ ጆግ ከንፈር የነካው ያኔ ብቻ ነው።»
በእኛ ቋንቋ የትዳር ጓደኛ «ውሃ አጣጭ» ይባላል አልኳት።
አሰበች።
«ባሌማ ኮካ ነበር የሚወደው» አለች፣ ጆጉን ወለወለች።

የካቲት ላይ ነፋስ መንገዱን ዋጠው፣ ፖሊስ አገር አቋራጩን ዘጋ።
ዐሥራ ስምንት ሰው መጣ፣ ጫማው በረዶ፣ ትንፋሹ ጭጋግ፤
ከሁሉ ኋላ አንዲት አሮጊት፣ በሳሪዋ ላይ የወንድ ካፖርት ደርባ።
ስም? ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁ።
ማንጁላ፣ አለች፣ ግድግዳውን እያየች፣
ቀለሙ መቼ ተቀየረ እንደሚል ሰው።
ክፍል ዐሥራ አራት ሰጠኋት።

ከመጋረጃው ወዲያ ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ፣ ሲዘጋ ሰማሁ።
ጃሹቤን ወጥታ ጆጉን ሁለት እጄ ላይ አኖረች፦
«የእንግዳ ውሃ ነው። ከእሷ ነው እንዳትይ።»

ማንጁላ ተቀበለች። አላየችውም።
በሌባ ጣቷ ሥሩን ዳበሰች፣
ስሟን አነበበች፣
ክንዷ እየተንቀጠቀጠ ከፍ አድርጋ ጠጣች፣ አንዲት ጠብታ ሳትጥል።
«ቧንቧው አሁን ደህና ነው?» ብቻ አለችኝ።
ደህና ነው አልኩ። በሩን ዘጋች።

ጠዋት መንገዱ ተከፈተ፣ ሄዳለች።
አልጋው ተነጥፏል፣ ማዕዘኑ ከእኔ እጅ የሾለ።
ጆጉ ከመስኮቱ ሥር፣ እስከ አንገቱ ሞልቶ፣
አፉን ከፍቶ።
ግጣሙ የለም።
አልጋ ሥር ፈለግሁ፣ ቅርጫቱን፣ ማድረቂያ ማሽኑን ሳይቀር።

ጃሹቤን ስነግራት መጀመሪያ ዝም፤ ከዚያ ትከሻዋ፣ ከዚያ ሆዷ ሳቀ፦
«ሌባ!» አለች፣ «ሌባ!»፣ ዐይኗን በፎጣ እየጠረገች።
የሻይ ሳህን ደፋችበት፤ ተንሸራተተ።
ድስት ግጣሙን አያጣም እንላለን እኛ፣ ብዬ ልተርትላት ስል
አልሰማችኝም፤ የበረዶ ጫማዋን ታስራለች፣
የመኪናው ቁልፍ በጥርሷ።