ውሃው የመለሰው ሜዳ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ጣና ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣
ክረምት የወሰደብንን መሬት በየእርምጃው ይሰዳል፤
ሙሉውን አይደለም።
ዳር ዳሩን ያስቀራል፤ ደንገል በበቀለበት
«ይህ የኔ ነው» ይላል፣ እንደ ክፉ ጎረቤት።

እኔ ሜዳ ለኪ ነኝ። የፎገራ ፈረስ ሁሉ የሚጠብቀኝ፣
ገመድና በትር ይዤ ስመጣ ካጥር ማዶ የሚያውቀኝ።
ጫፉ ብረት የወይራ በትር፣ መቶ ክንድ የቃጫ ገመድ፤
በየአሥር እርምጃው ወጋ፣ ነቀል፣ ሽተት፣ ከዚያ ደግሞ መንገድ።
መጨረሻው አንድ ቃል ነው፦ «ደርቋል»፣ ወይም «ቆዩ»፤
በሷ ነው ኮርቻ የሚጭኑ፣ ወይ ቁጭ ብለው የሚያዩ።

አምና እዚችው ላይ ቆሜ «ደርቋል!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፣
ሦስት ቦታ ብቻ ወግቼ፤
የሠርግ ጥሪ ነበረብኝ፤ ቸኩዬ፣ ፀሐይ አይቼ።
ላዩ የዳቦ ቅርፊት ነው፤ ሥሩ ገና ሊጥ ነበር።
የእንዳላማው ዳማ በሽምጥ ሲበር
ፊት እግሩ ገባ።
የአጥንቱ ድምፅ ደረቅ ነበር።
ያን ቀን በሜዳው ላይ የደረቀው እሱ ብቻ ነበር።

እንዳላማው አልሰደበኝም። ኮርቻውን ፈታ፣
ትከሻው ላይ አደረገ፣ ሄደ ወደ ወረታ።
ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ አየኋት ያችን ትከሻ፤
ኮርቻው የለባትም፣ እኔ ግን አጣሁ መሸሻ።

ዘንድሮ ሰኞ ተጀመረ።
ከባሕር ዳር በባጃጅ፣ ከደራ በእግሩ የመጣ፣
ስልኩን ደግኖ ሊቀርጽ ከሩዝ ክምር ላይ የወጣ፤
ሃያ ሁለት ፈረስ ቆመ፤ ቦራ፣ ቡላ፣ አምባላይ፣
ግላሱ ቀይ፣ ቃጭሉ አዲስ፣ ትንፋሹ ጭስ መሳይ።
«ደርቋል ወይ?»
ወጋሁ፣ ነቀልኩ፣ አሸተትኩ። የረጋ ውሃ የሸተተኝ መሰለኝ።
«ቆዩ።»

ማክሰኞም «ቆዩ» አልኩ። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ተቆጣ፤
«መሬቱስ ደርቋል፣ ያልደረቀው የሰውዬው ፍርሃት ነው» አለ ከኋላ የመጣ።
ልክ ነበር። በትሩ አይገባም፤ ክንዴ እስኪዝል ብጫን አይገባም፤
ቃሏን ልተፋ ብል ግን አፌ አልታዘዘኝም።

ረቡዕ፣ ገና ሳይነጋ፣ ርኩሞቹ ሳይወርዱ ከዛፍ፣
አንዲት ልጅ መጣች፣ ፈረስ ይዛ፣ በደንገሉ ጫፍ።
ባንቺአየሁ ናት፣ የእንዳላማው። ፈረሱ ገና ሦስት ዓመቱ፣
ዳማ ነው። ዓይኑን ሳየው ገባኝ ማን እንደሆነ አባቱ።
ጀርባው ላይ ያ ኮርቻ።
«ደርቋል ወይ፣ አባባ?» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረች።
በትሩን ሰጠኋት። «ምን ላድርገው?» አለች።
«ውጊው።»

ከመነሻ እስከ መድረሻ፣ ጎን ለጎን፣ ሳንነጋገር፣
እሷ ስትወጋ፣ እኔ ስቆጥር፣
ፈረሱ ከኋላችን የጓያ ቅጠል ሲሰርቅ፣
ጣና በስተግራችን ጭጋጉን እንደ ነጠላ ሲያወልቅ፣
ያቺ ቦታ ደረስን። ክረምት ደለል ሞልቶባታል፤
ምልክት የላትም። እግሬ ግን ያውቃታል።
ቆምኩ። ልጅቱም ቆመች። ነግረዋት ይሁን አላውቅም።
በሁለት እጇ ተጭና ወጋች፤ አልገባም። ደገመች፤ አልገባም።
ጫፉን አሸተተች፣ እንደ እኔ፣ አፍንጫዋን ጨምድዳ፤
«ፀሐይ ፀሐይ ይላል» አለች፣ ዞራ ወደ ሜዳ።

ሰዓቱ ሲደርስ «ደርቋል» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልበቃኝ፤
ሃያ ሦስት ፈረስ ግን ሰማኝ።
ግልቢያውን አላየሁትም። ጫማዬን አውልቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣
በውስጥ እግሬ አዳመጥኩ፣ ኮቴ እንዳይጎድል ሰግቼ፣ ተክዤ፤
ስገልጥ ባንቺአየሁ አራተኛ ወጥታ ትስቃለች፣
ጥርሷ ላይ አቧራ።
አቧራ!
እንዳላማው ከሩዙ ክምር አጠገብ ነበረ።
ሰላም አላለኝም። አልሄደምም።

ማታ ሁሉም ሲበተን፣ ኮቴዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤
አንዲቷን ብቻ፣ ከመታጠፊያው ላይ፣ ውሃ ቋጥራ አገኘሁ፣
የእንቁላል አስኳል የምታክል።
ገመዱን ሦስት ክንድ ወደ ምሥራቅ ሳብኩት።
ነገም ግልቢያ አለ።