ሁለት ዙር በእጅ

ረፋድ ነው። ነፋስ።
የጋራዡ ቆርቆሮ ሲነሣ፣ ሲመለስ።
ዶልፊኗን አቆምናት አፍንጫዋን ወደ ጥላ፤
ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ ወደ ኋላ፣
ቦርሳዬ ውስጥ የዕቁቤ ብር በፌስታል ተጠቅልሎ፤
«ቺንጋው ደርሷል» ብሎኛል ደቻሳ፣ ሦስቴ ደውሎ።

«ምን ሆነችና?» አልኩት። «ትነሣለች በአንድ ቁልፍ፣
የዴራን ዳገት እንኳ ሌላውን ቀድማ ነው የምታልፍ።»

ሳቀ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።
«ፍሬን ይጮሃል፣ እትዬ። ኩሽኔታ ያጓራል።
ቺንጋ ግን ዝም ብሎ ይሠራል፣ ይሠራል፣
አንድ ቀን ኢቴያ ሳይደርሱ...» አለና ጣቱን ቀጭ አደረገ።
«ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል፤ ቴስታታው ይከፈታል፤
በስድስት ሺህ የሚድነው በመቶ ሺህ ይሞታል።»

ዝም የሚል ነገር አውቃለሁ። ለደቻሳ አልነገርኩትም።
ሽብሩም አላሳለም፣ ደረቴን አላለም፤
ጎማ ሊያስነፋ ወጥቶ ለምሳ አልተመለሰም።

ራዲያተሩ ወረደ። ማራገቢያው ተፈታ።
ልጁ ሙዘይን አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ሊለምን ወጣ ወደ ጎረቤት፣ በሩጫ፣ በደስታ፤
አሥራ ሰባት ይዞ መጣ። ተቆጡት። ደግሞ ሮጠ።
የኮሎው ቡለን እምቢ አለ። ቧንቧ ሰክተው ተንጠለጠሉበት አብረው፤
«ያ ረቢ» አለ ልጁ፣ «ያ ዋቃ» አለ ጌታው፤
ሲለቅ ሁለቱንም ጣላቸው፣ በጀርባቸው።

ከዚያ ክዳኑ ወጣ፣ ዘይትና አቧራ የለበሰ።
ደቻሳ ቤንዚን ሊያፈስበት ገልብጦት ሲመለስ፣
«ቆይ» አልኩት።

በክዳኑ ሆድ ላይ፣ በነጭ ቀለም፣ በተንጋደደ ፊደል፣
«ተ»ው ነፋስ እንደገፋው ግራር ወደ ቀኝ ዘንበል፦
«ተቀየረ በ212 ሺህ።
ቀጣይ 312። እንዳይረሳ።»

የቀበሌ ቅጽ ሲሰጡት «አንቺ ሙዪው» የሚል ሰው፣
እዚህ ማንም የማያየው ቦታ፣ ተንበርክኮ ነው የጻፈው።

ገብቼ ዳሽቦርዱን አየሁ። ሦስት መቶ ሃያ ስድስት ሺህ።
ዘጠና ጊዜ ያህል አሰላ ደርሶ መልስ፣
ተሳፋሪ ጭነን፣ ድንች ጭነን፣ ሙሽራ ጭነን፣
አሥራ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር በምሕረት ሄደን።

ደቻሳ አሮጌውን ቺንጋ በጣቶቹ መሃል አጠፈ፤
ጤነኛ የመሰለው ጀርባው እንደ ግንቦት ጭቃ በስንጥቅ ተጻፈ።
ሁለት ጥርስ የለውም። «ይዩት» አለኝ። አየሁት።

ሦስት ነጥብ አለ፦ በካሙ፣ በኮሎው፣ በፖምፓው ፊት፤
ነጥብ ከነጥብ ካልገጠመ ሞተር አይደለም፣ ያው ብረት።
ደቻሳ በኮሬክተር አጎላቸው፣ ምላሱን ነክሶ እንደ ተማሪ፤
ሙዘይን የአዲሱን ጥርስ ቆጠረ፣ ጮክ ብሎ፣ እንደ ቁርኣን ቀሪ።

«አሁን ቁልፍ አይነካም» አለ። «መጀመሪያ በእጅ ነው።»
ረጅሙን መፍቻ ኮሎው ላይ ሰክቶ ሰጠኝ። «መኪናዋ የማን ነው?
ሁለት ዙር፣ በቀስታ። ብረት ብረትን ከነካ
ክንድዎ ይነግርዎታል። ያኔ ያቁሙ።»

አዞርኩ። ይከብዳል። ውስጡ ትንፋሽ አለ፤
የሰው ደረት የመሰለ ነገር ክንዴን ገፋኝ፣ ለቀቀኝ፣
ደግሞ ገፋኝ።
በቆርቆሮው ሽንቁር፣ ኮረብታው ላይ፣ የነፋስ መብራቶቹ ክንፍ
ሰው ሳይነካው ይዞራል፤ እኔ በላብ አንድ ዙር ሳልፍ።
አንድ።
ሁለት።
ነጥቦቹ ቦታቸው ተመለሱ። ምንም ምንም አልነካ።

ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ኮሬክተሩን ተቀበልኩት።
ከሽብሩ መስመር በታች ቁጥሬን ጻፍኩት፦
326። ቀጣይ 426።
የእኔ ፊደል ቀጥ ያለ ነው፤
የእሱን ተጠግቶ ግን ትንሽ አዘነበለ።
«እንዳይረሳ» ማለቱን ተውኩት። እሱ ጽፎታል።

ሙዘይን ክዳኑን መለሰው። ስድስት ቡለን።
ሾፌሩ ጥርሱን እየጎረጎረ መጥቶ «ጨረሳችሁ?» አለን።