መውደቅ ያልቻለ ይወድቃል

ስድስት ቀን ኮምቦልቻ፣ ከጨርቁ ፋብሪካ፣
በመብራት ገበታ ብትን ሳይ፣ ስለካ፣
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ውድቅ እያልኩ ስለይ፣
አንዲት የላላች ክር አታልፍም ሳትታይ።
እሑድ ሐረጎን ስወጣ በሚኒባስ፣
ጠመዝማዛው አልቆ ጉሙ ውስጥ እስክደርስ፣
ግራ እጄ፣ አንጓዋ፣ ቀድማኝ ታውቀዋለች፤
ጦሳ መደመኑን ጠዝጥዛ ትነግረኛለች።

ይህን አንጓ የሰበረው ጠላት አይደለም።
አስተማሪዬ ነው።
የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቀበቶ የሚሰጥበት ቀን፣
አዳራሹ በእንግዳ ሞልቶ፣
አጠማዘዘውና "ቻይው" አለኝ።
ቻልኩት።
ጭብጨባው ውስጥ ቀጭ ያለውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።
ቢጫውን ቀበቶ ያሰረችልኝ እናቴ ናት፤
አንድ እጅ አያጨበጭብም ይላሉ፣
አንድ እጅ ቋጠሮም አይቋጥርም።

ዛሬ ፈታኟ እኔ ነኝ።
ከሆጤ ወረድ ብሎ፣ ቆርቆሮው በሚያንጠባጥብ አዳራሽ፣
ዐሥራ አራት ልጆች በነጭ ልብስ ተንበርክከዋል፤
የግማሾቹ ሱሪ ከወንድም የወረደ ነው፣ ሦስቴ የታጠፈ።
ምንጣፋችን ጆንያ ነው፣ የፋብሪካ ቁርጥራጭ የታጨቀበት፤
እኔ ውድቅ ባልኩት ጨርቅ ላይ ነው የሚወድቁት።

አይኪዶ እንዲህ ነው፣ ለወላጆች ደጋግሜ የምለው፦
ትምህርት ቤት የወደቀ ያለቅሳል፣
እዚህ ግን የሚወድቀው መውደቅ ያልቻለው ነው፣
አገጩን ደረቱ ላይ ያላሳረፈ፣
እንደ ሎሚ ያልተንከባለለ።

አንጓ መጠምዘዝ ከፈተናው ወጥቷል።
"ለዘብ አልሽ" ይሉኛል ጋሽ ይመር፣ የቆዩት አሠልጣኝ።
የልጅ አጥንት ገና እሸት ነው፣ ጋሽ ይመር፤
እሸት በጣት ይፈለፈላል እንጂ አይወቃም።

በምትኩ "ይብቃኝ" ማለትን እፈትናለሁ፤
ምንጣፉን በመዳፍ መታ፣ መታ።
ትንሹ ፈንታው ክንዱ ተይዞ ሲወርድ ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ፣
ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ እየቻለ።
አስቆምኩ።
"እዚህ የቻለ አያልፍም" አልኩት፣ "የተናገረ ነው የሚያልፍ።"
መታ። እንደ ክረምት ዝናብ መታ፣ መታ፣ መታ፣
ሁላችንም ሳቅን፣ እሱ ቀድሞ።

ከዚያ ነቢል።
የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ልጅ፣ አባቱ በስልክ እየቀረጹት፤
ረምላን ሲጥላት መብረቅ ነው፣ የሚያምር፤
ዓይኑ ግን የነበረው ስልኩ ላይ።
ረምላ ግራና ቀኝ ይምታታባታል፣ የስልቶቹ ስም ይጠፋባታል፤
ተራዋ ደርሶ ፈንታውን ስትጥል፣
ከጆንያው ዳር ወደ ሲሚንቶው ሲያዘነብል ግን
ስልቱን ትታ መዳፏን ከጭንቅላቱ ሥር ሰደደች።
ወረቀቴ ላይ ለዚህ ዓምድ የለም።

እስክሪብቶዬ ቆመ።
ረምላ ታልፋለች፣ ነቢል ይወድቃል ልል ነበር፤
ግን ለልጁ ማን ነገረው?
ሜትሩን ደብቄ ጨርቁ አጠረ ልበል?
ግፍ ማለት ይኼ አይደል?

ተነሣሁ። ጆንያዎቹን ከዳር ሰብስበን አጠጋጋን።
"ልጆች፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ፣ "ሳልነግራችሁ የለካሁት አለ።
የጣላችሁት ልጅ እስኪነሣ ድረስ የእናንተ አደራ ነው።
ይህም ነጥብ አለው። እንደገና።"

ነቢል መጣ፣ ያው መብረቅ፤
ግማሹ ላይ ትዝ አለው።
እጁ አየር ላይ ተንተባተበ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣
ረምላን እንደ እንቁላል ትሪ ሊያስቀምጣት ሲል አብሯት ተቀመጠ።
ምንም አያምርም ነበር።
አሳለፍኩት።
"የቅድሙ አይሻልም?" አሉ አባቱ፣ ስልኩን እያጠፉ።
"ለቪዲዮው ይሻላል" አልኳቸው።

ማታ ሐረጎን ስወርድ፣ ጉሙ ኋላ ቀርቶ፣
አንጓዬ ዝም አለች፣ ሙቀቱ ተጠግቶ።
ነገ ሰኞ ደግሞ ጨርቁ ይጠብቀኛል፤
ለዚያ ለሲሚንቶው
ሁለት ጆንያ ውድቅ ገና ይቀረኛል።