የጎን ወንበር

ቅርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ
ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ካውያዬን የምለኩስ።
ማማዱ፣ ያ የሲሚንቶ ክፍል፣ መስኮቱ ብረት፣ በሩ ብረት፣
ለሚሳይል የተሠራ፣ ለክፉ ዕለት፣
ለእኔ ግን መሥሪያ ቤት ነው፤ መጋዝ፣ ሙጫ፣ ጥቅል ሽቦ፣
የኖጋ ብስክሌት ቆሞ በሰጋቱራ ተከቦ።

ሣጥን አልሠራም አልኩ።
ሣጥን ድምፅን ያፍናል፤
የታፈነ ድምፅ ደግሞ በአፍንጫው ይናገራል።
ሰሌዳ ብቻ። አንድ ገጽ ኮምፐርሳቶ፣
ሦስት ቀዳዳ በላዩ፣ ሦስት አፍ ተከፍቶ፤
ከታች ወፍራሙ፣ የትሪ ያህል፣
ከመሐል ቃል ተሸካሚው፣ ከላይ ቀጭኑ፣ የአዝራር እኩል።

«ጀርባውስ?» አለች ያለምወርቅ በሩ ላይ ቆማ፤
«ጀርባ የሌለው ነገር ሲናገር ማን ሰማ?»
«ይናገራል፤ በፊቱም በኋላውም ያወራል፤
ፊቱ አዎ ሲል ኋላው የለም ይላል፤
ዳር ላይ ሲገናኙ ግን...»
አልጨረስኩም።
አንዱን ዘመዷን አስታወሰች መሰል፣ ስቃ ሄደች።

የመጀመሪያው ጠባብ ነበር፣ አርባ ሳንቲም፤
ወፍራሙ ዞሮ ከራሱ ተጣላ፣ ከበሮው ከበሮ አይመስልም፣
ቆዳውን ትተው ጠርዙን የመቱት።
ሁለተኛውን ባሰፋ የማማዱ በር ከለከለ፤
ገናዲ፣ የታች ፎቁ፣ «በማጠፊያ ክንፍ አብጅለት፣ ገብቶ ይዘርጋ» አለ።
ኦዴሳ ሳለ ራዲዮ ይጠግን የነበረ፣
ዛሬ የሱፐር ጥበቃ ነው፤ ጣቱ ግን እንደነበረ።
የመካከለኛውን ሽቦ ገልብጬ መሰካቴን እሱ ነው የነገረኝ፤
ግራፍ አይቶ አይደለም፤ «ዘፋኟ ከማጅራቴ ኋላ ናት» አለኝ።

ከዚያ ልኬት። ማይክሮፎን በካሜራ እግር ላይ፣
ወፍራም ቀጭኑ እኩል የተደባለቀበት ያ ረጅም ሹክሹክታ።
አባቴ አስረስ ከወንበሩ ሆኖ
«ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚያባራው?» አለ።
«ዝናብ አይደለም አባዬ፣ መለኪያ ነው።»
«ይሁን። የተሰጣ ልብስ ግን አለ?»

ወንበሩ ጥጉን ይዞ ነው፤ ሳይረን ሲጮኽ እዚያው፣
ሳይጮኽም እዚያው።
እኔ ደግሞ ሰሌዳውን ከግድግዳ አንድ ሜትር ከሃያ ለክቼ፣
ወለሉን በቴፕ አሥምሬ፣ ማዕዘኑን በክር ወጥሬ፣
ሳንቲም እንዳይነቃነቅ ልጄን አስጠንቅቄ፣

ዓርብ፣ ሻባት ሳይገባ፣ ቤቱን ሁሉ ጠራሁ።
አንድ መሰንቆ። ከመምታቱ በፊት ተጫዋቹ ሲተነፍስ ይሰማል።
ገናዲ ኮፍያውን አወለቀ።
ኖጋ «ሰውዬው እዚህ ነው» አለች፣ ጣቷን ባዶው አየር ላይ ቀስራ።
አባቴ እኛን አንድ በአንድ አየ፤
«መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለ።

ዳር ላይ ነበር።
አዎ እና የለም የሚገናኙበት፣
ሁለቱም ሳይዋሹ ምንም የማይሰማበት።
አውቀዋለሁ ያንን ቦታ፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የወላጆች ስብሰባ፤
መምህሯ በዕብራይስጥ «አይሰማም፣ አይሠራም» ትላለች፣
እኔ ከጎኑ ቆሜ «ጎበዝ ነው ትላለች» እላለሁ፤
አባቴ ከሁለታችን መሐል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣
በፈገግታ።

«አባዬ፣ ወንበርህን ትንሽ ወደዚህ...»
«ወንበሬ ምን አጠፋ?»

ምንም።

ቴፑን ከወለሉ ላጥኩት።
ክንፎቹን አጥፌ፣ ሃያ ስምንት ኪሎውን አቅፌ፣
ፊቱን ወደ ጥጉ አዞርኩት።
ግራፉ ተበላሸ፤ ስልሳ ኸርዝ ላይ ጉድጓድ፣ መቶ ላይ ጉብታ፣
ሲሚንቶው ከኋላ መለሰ፣ የገናዲ ፊት ሎሚ እንደነከሰ ሰው ሆነ።
አባቴ አንገቱን ዘንበል አደረገ።
ቆየ።
«ደጋኑ ደርቋል» አለ። «ሙጫ ሳያስነካው ነው የተነሣው።»

ይህን ከየት ያውቃል? በሠላሳ ዓመት ጠይቄው አላውቅም።

አሁን ዳር ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤
ወፍራሙ ጠፍቶብኝ፣ ቀጭኑ እንደ ትንኝ፤
የአባቴ እግር ወለሉን ሲመታ ግን
አያለሁ።